የእሑዱ የጭንቀት ማስወገጃ ሥልጠና

ሐረር ነርሲንግ ስማር ሁላችንም የምንፈራቸው አንድ መምህር ነበሩ። እሳቸው ፊት ደከመኝ ማለት ነውር ነው። «እኛ በእናንተ ዕድሜ እንቅልፍ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር» ይሉናል፤ ከምሳ በኋላ ግን ቢሯቸው ውስጥ ሲያንኮራፉ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል።

የዶርም ጓደኛዬ ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ጫት ገበሬ ልጅ ናት። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ቀን ክፍል፣ ሌሊት ሆስፒታል ተረኛ ስንሆን፣ ከስታ አጥንቷ ቀረ። ምግብ ያቅለሸልሻት ጀመር። አንድ ጠዋት የአንዲት እናት ደም ግፊት እየለካች እዚያው በቁሟ አሸለበች።

«አላህ ያሽርሽ ልጄ፤ መተኛት ያለብሽስ አንቺ ነሽ» ብለው በሽተኛዋ አልጋቸው ላይ ጠጋ አሉላት።

መምህሩ ከኋላ ደረሱ። «ጫት ስትቅሚ አድረሽ ነው አይደል?» አሏት፣ በሽተኛው ሁሉ እየሰማ። ከሶፊ ስለመጣች ብቻ። በዕድሜዋ ቅጠሉን አፏ ውስጥ አስገብታ አታውቅም።

በዚያው ወር ለእኛ ታሰበልንና የጭንቀት ማስወገጃ ሥልጠና መጣ። መቼ? እሑድ፤ ያለችን አንዲት የዕረፍት ቀን። የቀረ ማርክ ይቀነስበታል ተባለ። ከረባት ያሰረ አሠልጣኝ ዓይናችንን አስጨፍኖ ባሕር ዳር እንደተቀመጥን እንድናስብ አዘዘን። ግማሹ ተማሪ እንደጨፈነ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

«አያችሁ እንዴት ዘና እንዳሉ!» አለ ደስ ብሎት።

ቀጥሎ የሚያስጨንቀንን በነጻነት እንድንናገር ጠየቀ። መምህራችን የፊተኛው ወንበር ላይ ተጎልተው እየገላመጡን ማን ይተነፍሳል? ጓደኛዬ ተነሣች።

«ወላሂ ደክሞኛል። ዛሬ ደግሞ የምተኛበት ቀን ነበር።» ቦርሳዋን አነሣች።

«ቁጭ በይ!» አሉ መምህሩ።

«አልቀመጥም ቲቸር። ልተኛ ነው የምሄደው።»

ተከትያት ወጣሁ። የተሳፈርንበት ባጃጅ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሳይደርስ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር።

በማግስቱ ትምህርቷን ለዓመት አቋርጣ ሶፊ ገባች። ለመምህሩ፣ ሥልጠናውን አዘጋጅተው ለተማሪው ደኅንነት ስለተጨነቁ፣ በጭብጨባ ምስጋና ቀረበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ማርክ ነው።

በዓመቱ ስትመለስ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። መምህሩ በር ላይ አገኟት።

«ዕረፍት ጠግበሽ መጣሽ?»

«አልሐምዱሊላህ ጠግቤያለሁ፤ ለእርስዎም አላህ ይስጥዎ» ብላቸው ወደ ክፍል ገባች።