የሰይድ መሐላ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ በጎረቤት ላይ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሁሉ ነግሬአለሁ። ይህቺን ግን ከምላሴ ሥር እያስቀረሁ ኖርኩ። መስቀሉን ስሳለም እንኳ እዚያው ነበረች። ዛሬ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ እናገራለሁ።

አንድ እስላም ሽማግሌን የክርስቲያን ሥጋ አበላሁ። አውቄ አበላሁ። ወዳጄ የነበረ አንድ ቅን ሰው ደግሞ ሳያውቅ በፈጣሪው ስም በሐሰት እንዲምል አደረግሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

በዚያን ጊዜ አስመራ፣ ማይ ጭሆት በሚባለው ሰፈር ከልጆቼ ጋር በአንዲት ክፍል እኖር ነበር። ባሌ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት በምጽዋ መንገድ ቁልቁል ሲወርድ ጉም ውስጥ ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። እግዚአብሔር ግን ሜዳ ላይ አልጣለኝም። በአስመራ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የክብር እንግዶች በሚያርፉበት ክፍል ወጥ ቤት ሥራ አገኘሁ። ለዚያ ሥራ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ክፍሉን ሳሎን ነበር የምንለው። እኔ እንዲያ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም ነበር። ምንጣፉ የእግር ድምፅ ይውጣል። ወንበሮቹ ሰፋፊ ናቸው፤ የተቀመጠ ሁሉ መነሣቱን ይረሳል። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በታች ነጭ ልብስ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። በላዩ ቢስኮቲ፣ ወይራ፣ ፎርማጆ የምንለው የጣልያን አይብ፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ፓፓያ ይደረደራል። አራንቻታ፣ የብርቱካኑ መጠጥ፣ ሲቀዳ በረዶው በብርጭቆው ውስጥ ይንሾካሾካል። ከአዲስ አበባ የመጡ ሹማምንት፣ ዳኞች፣ ትልልቅ ነጋዴዎች እዚያ ቁጭ ብለው አውሮፕላናቸውን ይጠብቃሉ። ከበሩ ስንጥቅ ሳያቸው በምድር ያሉም በሰማይ ያሉም አይመስሉኝም ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼ እጄን ያሸቱታል። «እማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ምን ትያለሽ?» ይሉኛል።

በወጥ ቤቱ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነበር። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ጭልፋ። በአገራችን እንደምታውቁት ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። በአንድ ግቢ እንኖራለን፣ በሐዘን አብረን እናለቅሳለን፣ በሠርግ ግን ለየብቻ ይታረዳል። ስለዚህ የክርስቲያኑን ዶሮ የበር ጠባቂያችን በሥላሴ ስም ያርዳል። የእስላሙን አያ ሰይድ በጓሮ በኩል፣ ፊቱን ወደ ቅብላ አዙሮ ያርዳል። ሽንኩርቱንና በርበሬውን ለሁለቱም የማቁላላው እኔ ነበርኩ። የእስላሙ ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ያ ክር ባይኖር ድስቶቹን የሚለይ አልነበረም።

አያ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ለንግድ ወደ አስመራ መጥቶ፣ ንግዱ አልሆን ሲለው አስተናጋጅ ሆነ። ነጭ ኮቱ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ረቡዕ በመጣ ቁጥር ይቀልድብኛል።

«እታለም፣ ዛሬም ጾም ነው? እናንተ የምትበሉት መቼ ነው?»

«እናንተስ? በረመዳን ቀን ጾማችሁ ሌሊት ታካክሱ የለም ወይ!»

«ይኸ ቅናት ነው» ብሎ ይስቃል።

ትንሹ ልጄ በትኩሳት ሲነድ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። የሳሎኑ ኃላፊ ሲፈልገኝ «ዕቃ ቤት ናት» ብሎ ያዳነኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሊሰግድ ሲሄድ ጭልፋውን ይሰጠኛል። «ድስቴን ላንቺ፣ አንቺን ለአላህ» ይለኛል። አደራ ማለቱ ነበር። አደራ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ጥር ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። አስመራን የሚያውቅ ጉሟን ያውቃል። ከምሥራቁ ገደል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ከዚያ ሰዎቹን ይወስዳል። በዚያን ቀን ሜዳውን ሁሉ ወሰደው። አውሮፕላን አልወረደም፣ አልተነሣም። ሳሎኑ በደመና ሆድ ውስጥ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከእንግዶቹ መካከል ወደ መካ የሚሄዱ አንድ ሼህ ነበሩ። በጣም ያረጁ ናቸው። ነጋዴው ወንድ ልጃቸው ከሰው ጋር እንዳይጋፉ ብሎ ሳሎን አስገብቷቸዋል። ሴት ልጃቸው አብራቸው ነበረች። ከቆላ አገር እስከ አስመራ ድረስ በመንገድ የሰው ምግብ አልቀመሱም። የማን እጅ እንደነካው አናውቅም ብለው ይዘውት በመጡት ቴምርና ቂጣ ብቻ ቆዩ። ቴምሩ አለቀ። ጉሙ ግን አልተነሣም። ልጃቸው ወጥ ቤቱ በር ድረስ መጣች።

«አባቴ ሊወድቁብኝ ነው። እስላም የሚያርድ አለ?»

«እኔ አለሁ፣ እኅቴ» አለ አያ ሰይድ። ፊቱ በራ። ለሐጅ የሚሄድን ሰው ማብላት ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር። ወዲያው ጓሮ ወርዶ ዶሮ አረደ፤ እሱ ገነጠለ፣ እሱ አጠበ፣ ቀይ ክር ያለበትን ድስት ጣደ። በጎን የእኔ ድስት ነበር፣ በበር ጠባቂው እጅ የታረደው ዶሮ ያለበት። የሁለቱ ሽታ አንድ ነበር። የዙህር፣ የቀትሩ ስግደት ሰዓት ሲደርስ ጭልፋውን ሰጠኝ።

«ድስቴን ላንቺ፣ አንቺን ለአላህ።»

«ሂድ፣ አያ፤ አለሁ» አልኩት።

እኔ ግን አልነበርኩም። ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ የማይታይ አውሮፕላን ይዞራል። ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል። እየቆየ የመኪና ድምፅ መሰለኝ። ባሌ ማርሽ ሲቀይር የማውቀው ድምፅ። ነጩ ነገር ውስጥ አንድ ጥላ የሚመጣ መሰለኝ፤ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። ነቅቼ ነበር? ተኝቼ ነበር? አላውቅም። ደስ ይለኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ቢመጣ ምን እንደምለው አስብ ነበር። የቀሰቀሰኝ የማረር ሽታ ነው።

የአያ ሰይድ ድስት ከሥሩ ጠቁሮ ነበር። ዶሮው ከብረቱ ተጣብቋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ኬክ አሳርሬ ኃላፊው «አንድ ጥፋት ብትደግሚ ቤትሽ ነሽ» ብሎኝ ነበር። ይህን ማንሣቴ ለምንድን ነው? ምክንያት እንዲሆነኝ ነው? አይሆንም። አያ ሰይድ ቢሰማ ኖሮ ለኃላፊው አይናገርም ነበር። ጓሮው ውስጥ ሌላ ዶሮ ነበር። ጊዜም ነበር፤ ጉሙ እስከ ማምሻው አልተነሣም። ይህን ሁሉ ያኔም አውቅ ነበር።

ያረረውን አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ድስቱን በአሸዋ ፈገፈግሁት። ከእኔ ድስት ቀድቼ ቀይ ክር ባለበት ድስት ውስጥ ጨመርኩ። እኔ ጨመርኩ። ጨው እንኳ ቀመስኩ።

በልቤ ምን አልኩ? «ዶሮ ዶሮ ነው» አልኩ። ይህ ቀላሉ ነው። ሌላም አልኩ፤ ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር ያደረገኝ እሱ ነው። «የኛው እኮ በሥላሴ ስም የተባረከ ነው፤ ቢበሉት ምን ይጎድልባቸዋል?» አልኩ። የእግዚአብሔርን ስም ለስርቆቴ መሸፈኛ አደረግሁት። ያ ሽማግሌ ለፈጣሪያቸው ብለው ተራቡ፤ እኔ የምጾመው ሴት የጾመኛ ረሃብ ምን እንደሆነ አጥቼው ነው? በጾም ቀን አንድ ሰው ቅቤ ደብቆ ቢያበላኝ ምን እል ነበር?

አያ ሰይድ ፊቱ ከውዱ፣ ከስግደቱ ትጥበት፣ እንደራሰ ተመለሰ። ድስቱን ከፍቶ አሸተተ።

«ተባረኪ፣ እታለም! እንዲህ ያማረ ወጥ ሠርቼም አላውቅ።»

እኔ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ።

ሳሎን ሲገባ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። በሼሁ ፊት በርከክ ብሎ ሳህኑን አቀረበ። ሼሁ እጃቸውን አልዘረጉም። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ወደ ድምፁ ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጄ፣ ማን ነው ያረደው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አየኸው? ከእጅህ አልወጣም?»

አያ ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ፣ በዚህ እጄ ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩት ነው። ሌላ ከሆነ አላህ ይፍረድብኝ» አለ።

ያኔ መግባት እችል ነበር። በሩ ተቆልፎ አልነበረም፤ እኔም ዲዳ አልነበርኩም። ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ። ቀስ ብለው በሉ። የረሃብ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ልጃቸው በነጠላዋ ጠረገችላቸው።

ሲጨርሱ ያዘጋጀችውን ሴት ጥሩልኝ አሉ። ሄድኩ። ምንጣፉ የእግሬን ድምፅ ዋጠው፤ መድረሴን ያወቁት አያ ሰይድ «ይችው መጣች» ሲላቸው ነው። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጆች አሉሽ?»

«እወ፣ አባባ።»

«አላህ ያሳድግልሽ። በእጅሽ ያበላሽኝን በልጆችሽ ይክፈልሽ።»

«አሜን» አልኩ። «የቐንየለይ» ብዬ በቋንቋዬ አመሰገንኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ልጆቼ አደጉ። አንዳቸውም አልጎደሉብኝም፤ ተመስገን። ግን በምስጋናዬ መካከል ሁልጊዜ የእኚያ ሰው እጅ ይመጣብኛል። ያ ምርቃት ለማን ነበር? ሰርቄ አበላኋቸው፤ እሳቸው ልጆቼን መረቁልኝ። ከዓመታት በኋላ አንዲት እስላም ጎረቤቴን፣ ነገሩ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርጌ ጠየቅኋት። «ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም» አለችኝ። ለሼሁ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩ። በእሳቸው ላይ ከሌለ፣ በሰይድም ላይ ከሌለ፣ ምንም ሳይጎድል ያለው በእኔ ላይ ነው።

አሁን የከፋውን ልናገር።

አያ ሰይድ ለብዙ ዓመት ሲቆጥብ ኖሮ እሱም ለሐጅ ተነሣ። ወደ አላህ ቤት የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ ይቅርታ ይለምናል፤ ሥርዓታቸው ነው። የበር ጠባቂውን ለመነ። ኃላፊውን ለመነ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት መጣ። ያን ቀን ነጭ ኮቱን አልለበሰም፤ እንግዳ ሆኖ ነበር። ከደጅ ብርሃን ስለነበረ ፊቱ በደንብ አይታየኝም፤ እንደ ሕልም ሰው በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ አፉ በይኝ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ብዙ ነው። በጾምሽ ቀልጃለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ለልጆችሽ የደበቅሽውን ሕምባሻ የበላሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ? እኔ እኮ ድመቷን ነው የደበደብኳት!»

«እንግዲያው ድመቷንም አፉ ማስባል አለብኝ» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አያ።»

እሱ ግን አልሄደም። ሳቁ ከፊቱ ወረደ።

«አንቺም በኔ ላይ የሠራሽው ካለ ተናገሪ። ይቅር ልበልሽና ልሂድ። ሰው እዚያ ቦታ ሲቆም ከኋላው የቀረ ነገር ባይኖር ነው ደጉ።»

ጠበቀኝ። ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት በር ለሰው ይከፈታል? የመሐላው ነገር አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። ብናገር፣ አላህ ይፍረድብኝ ስላለው ቃል እዚያው ቦታ ሄዶ ምሕረት በለመነ ነበር። ዝም ብል ሳያውቀው ይዞት ይሄዳል። ይህን አውቅ ነበር። ጓደኝነቱን እንዳላጣ ፈራሁ። እንደ ቀድሞው እንዲያየኝ ፈለግሁ።

«ምንም የለኝም» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። አመነኝ።

ከሐጅ ሲመለስ በወሎ ድርቅ ገብቶ ስለነበር ዘመዶቹን ሊያይ በዚያው ወደ አገሩ ሄደ አሉ። ከዚያ አላየሁትም። ሼሁም ከዚያ የጉም ቀን በኋላ አልታዩኝም።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ቋንቋው የእሱ ስለሆነ ነው። በሕይወት ካለህ፣ አያ ሰይድ፣ ወይም ልጆችህ ካነበቡት፣ ይኸን እወቁ። የማልክበት ዶሮ አንተ ያረድከው አልነበረም። መሐላህ እውነት ነበር፤ ሐሰት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አላህ ይፍረድብኝ ያልከው ፍርድ የሚገባው ለእኔ ነው። ስትለምነኝ ዘግቼብህ አሁን ይቅር በለኝ አልልህም። የጠየቅኸኝን ብቻ እመልስልሃለሁ። በአንተ ላይ የሠራሁት አለኝ።