ሊማሊሞን ሳትፈላ ከወጣች

ወንድሜ የቀኝ ክንዱን ጠባሳ ለሰው ባሳየ ቁጥር «እህቴ ናት ያቃጠለችኝ» ይላል። ደባርቅ ውስጥ ይህን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልናገር፤ ወሬ ከጀመርኩ ደግሞ ከሥሩ ነው።

አባታችን ሲያርፍ የተወልን አንድ ግቢና አንዲት አሮጌ ሱባሩ ነበር። ግቢውን መካፈሉ አላስቸገረንም። መኪና ግን መሐል ለመሐል አጥር አይታጠርባትም። ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጎንደር ውስጥ አሮጌ መኪና እየበለተ ዕቃውን ለሚሸጥ ነጋዴ እንስጣትና እንካፈል አለ። እኔ ሰልባጅ ልብስ ነጋዴ ነኝ። በገበያ ቀን ጆንያዬን ጭኜ ዳባት የምሄደው በእሷ ነው። ጆንያ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ረዳቱ ይሰድብሃል፣ ጣሪያ ላይ ከሰቀልከው ግማሹ ለዝናብ፣ ግማሹ ለሌባ ነው። ሱባሩዋ ከተሸጠች እኔም ከገበያው ወጣሁ ማለት ነው። እምቢ አልኩ።

እምቢ ባልኩበት ቀን «ወንድም ጋሼ» ብዬ መጥራቱንም ተውኩ። «አንተ» አልኩት። እሱም «እታለም» ይለኝ ጀመር፤ በፍቅር እንዳይመስላችሁ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው።

መኪናዋ መታመሟ እውነት ነበር። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ስታይ ትፈላለች። አባባ በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበረች። ከዳባት ስንመለስ ዳገቱ መሐል ዳር ይዘን፣ እንፋሎቷ እስኪወጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ሰው በአህያ እየቀደመን ያልፋል። ራዲያተሯን አሳጠብን፣ ክዳኑን ቀየርን፣ ጎማ ቱቦዎቿን ቀየርን፤ ያው ናት። የከተማው መካኒኮች «ጓርኒሲዮኗ ተበልቷል፣ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» አሉ፤ በሞተሩ ሁለት ብረቶች መሐል ገብታ ውሃና ዘይቱን የምትለየውን ስስ ንጣፍ ማለታቸው ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «አልቃለች እኮ፤ ለማን ነው የምታስታምሚው?» አለኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የተማርኩትም እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ሱባሩዋ ሥር ጆንያ አንጥፌ ነው። የአባባ ዓይን ሲደክም እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይነግረኛል፣ እኔ እፈታለሁ። በኋላ ደግሞ ስልኬ አለ፤ ኔትወርክ በመጣ ሰሞን ቪዲዮ እከፍታለሁ። የሚሉት አይገባኝም፤ የማየው እጃቸውን ነው። የዚህች መኪና ሞተር እንደሌላው ቆሞ ሳይሆን ግራና ቀኝ ተኝቶ ነው የሚሠራው። ነዳጁን የምትለኩሰውን ካንዴላ ለማውጣት እጄን በጎን አስገብቼ የጣቴን ቆዳ ትቼላት እመለሳለሁ። ወንድሜ በበሩ ሲያልፍ እግሬ ብቻ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ያያል።

«የተኛ ሞተር፣ የተኛች መካኒክ» ይላል። «ሁለታችሁንም የሚቀሰቅስ ጠፋ።»

«አንተን የሚያስተኛ ነው የጠፋው» እለዋለሁ ከሥር ሆኜ።

አንድ ቀን ቪዲዮ ውስጥ አንዱ ሰው ከሞተሩ ሥር ሁለት ብሎን ፈትቶ አንዲት ትንሽ ዕቃ ሲያወጣ አየሁ። ቴርሞስታት ነው። እኛ አገር ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም፤ የሚያውቀው ግን አውልቆ በመጣል ነው። መኪና ተገዝቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማስወለቅ ነው። «ውሃውን የሚያንቅ ነው፣ ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነው፣ ለእኛ ዳገት አይሆንም» ይባላል። ሰውየው ግን ዕቃውን ገልብጦ ሲያሳይ ከጀርባው አንዲት ክብ ቆርቆሮ ነበረች። ደጋግሜ አየሁት። ሞተሩ ሲሞቅ ፊተኛው በር ተከፍቶ ውሃውን ከራዲያተሩ ይቀበላል፤ የኋላዋ ቆርቆሮ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ትዘጋለች። ዕቃው ከተጣለ አቋራጩ ምንጊዜም ክፍት ነው። የሞቀው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ዞሮ እዚያው ይገባል።

ጆንያዬን አንጥፌ ገባሁ። ሳፋ ደቀንኩ፣ ሁለቱን ብሎን ፈታሁ፣ የዛገ ውሃ ፊቴ ላይ ወረደ። ጣቴን ሰደድኩ። ባዶ ነው። አባባ ራሱ አውልቆ ጥሎታል።

አዲሱን ከጎንደር አስላክሁ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ብዙ ቆየ፤ መጨረሻ ላይ በአውቶቡስ ረዳት እጅ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደረሰኝ። ገጠምኩት። የፊት ጎማዎቿን ድንጋይ ላይ አውጥቼ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጌ፣ ውሃ እየጨመርኩ አየሩን አስወጣሁ። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ የወጣችውን መኪና አይቶ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቴርሞስታት መለስኩላት።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። «አባባ ያወለቀውን?»

«አዎ።»

«እሱ ሲነዳ አንቺ በአንቀልባ ነበርሽ። እሱ የጣለውን ልትለቅሚ?»

«አባባ ተሳስቷል» አልኩ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም፣ ወይም እንዲህ ባጭሩ ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ተለወጠ። የሙት ዓመቱ እንኳ ገና አልወጣም ነበር። ሳፋውን በእግሩ ገለበጠውና «አባቴን በግቢው ውስጥ ስትሰድቢው አልሰማም!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አወጣ። እኔም ዝም የምል አይደለሁም፤ ያለኝን ሁሉ አልኩት። ሲመሽ የአባታችን ታናሽ ወንድም ተጠሩ።

አጎታችን አራሽ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ንግግራቸውን መሐል የሚያቋርጥ ሰው የማይወዱ። የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬውን፣ አባባ ካረፈ ጀምሮ የያዙት እሳቸው ናቸው። ሁለታችንንም ሰሙ። ስለ ቴርሞስታቱ ሁለታችንም ያልነው የገባቸው አይመስለኝም።

«እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ይህች መኪና ዳገት ትወጣለች ወይስ አትወጣም?»

«ትወጣለች» አልኩ።

«ፈልታ ትቆማለች» አለ ወንድሜ።

«እንግዲያውስ ሊማሊሞን ትውረድ። ድብ ባሕር ደርሳ ትመለስ። ሳትፈላ ዳገቱን ከወጣች የእሷ ናት፣ አንተም አፍህን ትዘጋለህ። ከፈላች ትሸጣለች፣ አንቺም ታለቅሻለሽ እንጂ አትሳደቢም። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ወረድን። ሊማሊሞን የማያውቅ ሰው ካለ፣ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ እየተጠማዘዘ ከብርድ ወደ ሙቀት የሚጥል ነው። ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ በአፉ ነዳልኝ።

«ማርሽ ቀንሺ። ፍሬኑን ልታቀልጪው ነው?»

«ቀንሻለሁ።»

«ጥጉን ልቀቂ፣ አይሱዙ ይመጣል።»

«አይቻለሁ።»

«አየሁ ያለ ሁሉ ገደል ውስጥ ነው ያለው፣ እታለም።»

«ኧረ ልጆች፣ አውርዱኝና ተጣሉ» አሉ አጎታችን ከኋላ።

ድብ ባሕር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ወንድሜ ወርዶ ለሚያውቃቸው ሹፌሮች ሁሉ ነገራቸው፤ እነሱም እየሳቁ መጥተው መኪናዋን ዞረው አዩ። አንዱ «እህት፣ ገመድ ይዘሻል?» አለኝ። ወንድሜ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዞ ተመለሰና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«የሬሳ ማጠቢያ።»

አጎታችን ሳል የመሰለ ድምፅ አሰሙ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም።

ዳገቱን ጀመርን። እኔ ዓይኔን ግማሹን መንገዱ ላይ፣ ግማሹን የሙቀቱ መርፌ ላይ አደረግሁ። ወንድሜ ግን መንገድ የሚባል ነገር አላየም፤ መርፌዋን ብቻ ነው። አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ ትንፋሹ ክንዴ ላይ ይሰማኛል። ቀድሞ ቢሆን በምትፈላበት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ስንደርስ መርፌዋ ትንሽ ከፍ አለች።

«ይኸው!» አለ።

መርፌዋ ጥቂት ቆየችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የቴርሞስታቱ በር ተከፈተ ማለት ነው፤ ሥራውን ሠራ። ሳቅ ሳይመጣብኝ አልቀረም፣ እሱም አየው።

ከፍ እያልን ስንሄድ ብርዱ ጀመረ። ከኋላ አጎታችን ጋቢያቸውን ጠቅልለው «ልጄ፣ ሙቀቷን ትንሽ ልቀቂልኝ» አሉ።

«አይቻልም!» አለ ወንድሜ። «ማሞቂያ ከተከፈተ የሞተሩን ሙቀት እዚህ ውስጥ ይተፋዋል። ማጭበርበር ነው!»

እውነቱን ነው፤ ማሞቂያ ሞተሩን ያግዛል። ቀድሞም አልከፈትኩትም። «ይቅርታ አጎቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩ።

«በእናንተ ጠብ እኔ ልሙት?»

«ጥቂት ነው የቀረን።»

«አባታችሁ በርዶኛል ሲሉት ይከፍት ነበር» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አይታወቅም።

የመጨረሻውን መታጠፊያ አልፈን ሜዳው ላይ ወጣን። የከተማው ቆርቆሮ ከፊታችን ታየ። ዳር ያዝኩ፣ ሞተሩን አላጠፋሁም።

«ወጣች» አሉ አጎታችን።

«ሳይታይ?» አለ ወንድሜ። ጀሪካኑን ይዞ ወረደና መሬት አስቀምጦ ኮፋኖውን ከፈተ። እኔም ተከትዬ ወረድኩ። እንፋሎት የለም፣ ጠብታ የለም። እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሰድ አየሁት።

«አትክፈት!»

ዘወር ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«ትኩስ ነው፣ አትክፈት ብዬሃለሁ!»

«አልፈላችም ካልሽ ምን ያስፈራሻል? ምን ደብቀሽ ነው?»

እንዲህ ሲል አጎታችን እንኳ በጥርጣሬ አዩኝ። እንዴት ባጭሩ ላስረዳ? ውሃው ያልፈላው ክዳኑ አምቆ ስለያዘው ነው፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ ቶሎ ነው የሚፈላው፣ ክዳኑ በተነሣበት ቅጽበት ያ ሁሉ ሙቅ ውሃ ባንድ ጊዜ ይገነፍላል። ይህን እሱም ያውቃል፤ ዕድሜውን በሙሉ ሹፌር ነው። ያን ቀን ግን የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ የእኔን ፊት ብቻ ነበር የሚያነብ። ሻርፑን እጁ ላይ ጠምጥሞ ክዳኑን አዞረው።

ውሃው ወደ ላይ ተተፋ። ወደ ኋላ ዘለለ፤ ክንዱ ግን አላመለጠም።

መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ዋይታ አልነበረም። «ፈላች!» ነበር። «አጎቴ፣ አይተዋል፤ ፈላች!»

ጀሪካኑን አነሣሁ። «ክንድህን ስጠኝ።»

«አትንኪኝ!»

አጎታችን በዚያ ዕድሜያቸው ትከሻውን ጨምድደው ያዙት፤ ያንን የሬሳ ማጠቢያ ያለውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ቀስ እያልኩ ክንዱ ላይ አፈሰስኩ። ጥርሱን ነክሶ ወደ ሌላ በኩል ያያል። ሱባሩዋ ባዶ ራዲያተር ይዛ ልትነዳ ስለማትችል ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ባጃጅ አስቆምንለት። ሲገባ ወደ እኛ አልዞረም።

እኔና አጎታችን ሞተሩን አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልን። ከአጠገባችን ካለ ቤት ውሃ ለመንኩ። ሞልቼ ስጨርስ አጎታችን ከጋቢያቸው ሥር ሊብሬውን አወጡ።

«እኔ የምመሰክረው በዓይኔ ያየሁትን ነው» አሉ። «ስንደርስ ዝም ብላ ቆማ ነበር። ያዢ።»

ተቀበልኩ። ደስታ እጠብቅ ነበር። የመጣልኝ ግን ያ የተላጠ ክንድ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ወንድሜ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ወጣ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ግባ፣ ላድርስህ።»

«በእሷ?»

«በምን ታዲያ? ግባ እንጂ።»

ጠጋ አለ። የሚገባ መስሎኝ በሩን ከውስጥ ከፈትኩለት።

«አውቀሽ ነው» አለኝ።

«አትክፈት አላልኩህም? ጮኼ አልነገርኩህም?»

«አንቺ አትክፈት ስላልሽ ነው የከፈትኩት» አለ። «ዝም ብትይ ኖሮ አልነካውም ነበር።»

የከፈትኩለትን በር መልሶ ዘጋና በእግሩ ሄደ። ብዙ አሰብኩበት። ልክ ነው። ዝም ብዬ ብሆን ኖሮ ትንሽ አይቶ፣ ተሳድቦ፣ ኮፋኖውን ዘግቶ ይገባ ነበር። እንዲያ ተጠላልተን ስለነበር ማስጠንቀቂያዬ እንኳ ወጥመድ ሆኖ ተሰማው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እከፍተው ነበር፤ ይህን ግን እሱ ፊት አልናገርም።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ጆንያዬን ጭኜ ዳባት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሹራብ የምታማርጥ ደንበኛዬ ሳትደብቅ «ወንድምሽን በፈላ ውሃ ቀቀልሽው አሉ» አለችኝ። «ራሱ ነው የተቀቀለ» አልኳት፤ ሳቀች፣ ሹራቡን ግን አልገዛችኝም።

አሁን በሳምንት አንዴ ሁለቴ ከዳባት በሚያወጣው ዳገት ላይ ከአይሱዙው ጋር ፊት ለፊት እንገናኛለን። በዚህ መንገድ የሚተዋወቁ ሹፌሮች ሲተላለፉ ክላክስ ያደርጋሉ፤ ሰላምታ ነው፣ የተቀያየሙትም እንኳ አይነፍጉትም። እኔ ከሩቅ ሳየው አደርጋለሁ። እሱ መስኮቱን ይዘጋል።