ለቀለም የተላኩ ሽማግሌዎች

ጦርነቱ ወልድያ ተቃረበ ተብሎ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲሸክፍ፣ እኔና ባለቤቴ መርሳ ላይ በመኝታ ቤታችን ቀለም ተጣላን። እኔ ክሬም አልኩ፤ እሷ ሰማያዊ። ግድግዳው ላይ ከሁለቱም መዳፍ የሚያህል ቀብተን ሳምንት ሙሉ ስናወዳድር ሰነበትን።

"በመርሳ ሙቀት ላይ ክሬም ጨምረህ ልትጠብሰኝ ነው?" አለችኝ።

"ሰማያዊማ ጤና ጣቢያ ያስመስለዋል" አልኳት። በዚያ ባበቃ ጥሩ ነበር። ምላሴ ግን አያርፍም፤ "የአባትሽ ቤት ከጭቃ ሌላ ቀለም አያውቅ፣ አንቺ ከየት ተማርሽው?" ብዬ ጨመርኩ። አኩርፋ እዚያው አቅራቢያ ግራና ከተማ፣ አባቷ ቤት ሄደች።

በማግስቱ የከባድ መሣሪያ ድምፅ መርሳ ድረስ ይሰማ ጀመር። ስልክ ተቋርጧል። መንገዱ ሳይዘጋ ካልመጣች እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ልንቀር ነው፤ ፈራሁ። ራሴ እንዳልሮጥ አኩርፋ የሄደች ሚስት ያለ ሽማግሌ አትመለስም፤ አማቼ ደግሞ በወግ ቀልድ አያውቁም። ሁለት ጎረቤቶቼን፣ አንድ ሼህና አንድ ቄስ፣ ለምኜ ላክሁ። ሰው በአህያና በባጃጅ ሲሸሽ እነሱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ስለ ቀለም ሊሸመግሉ ሄዱ።

ኋላ እንደነገሩኝ አማቼ በአክብሮት አስቀምጠው ጉዳዩን ሰሟቸው። ከዚያም "ሽማግሌ በአንድ ጊዜ እሺ አይባልም፤ ደግማችሁ ኑ" አሏቸው።

"ተኩሱ እኮ ደረሰ፤ አይሰሙትም ወይ?" አሉ ሼሁ።

"እሰማለሁ። ደግማችሁ ኑ።"

ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ውጭ ወጥተው ጥቂት ቆሙና ተመልሰው ገቡ። "አሰላሙ አለይኩም።" አማቼ እንደ አዲስ ብድግ ብለው "ወአለይኩም ሰላም፣ ምን እግር ጣላችሁ?" አሉ። ጉዳዩ ከመጀመሪያው ተነገረ። እንደገና እንቢ ተባለ፣ እንደገና ወጡ። በሦስተኛው "ይህን ያህል ከደከማችሁማ" ብለው ፈቀዱ። እኔ ስለ ጭቃው ጉልበት ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ቀለሙም ሰማያዊ እንዲሆን ተፈረደ።

ባለቤቴ ከቀትር በፊት ገባች። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ተኩሱ ሰፈር ሲደርስ ከመስኮቱ ርቀን መኝታ ቤቱ ወለል ላይ በደረታችን ተኛን። ቀና ብላ ሁለቱን ቅብ አየች።

"ከዚህ ሆኜ ሳየው ክሬሙ ይሻላል" አለች።

"ሰማያዊ ነው። ሽማግሌ የፈረደውን?"

"ክሬም ነው አልኩህ።"

ድምፅዋ ወፈር አለ። ያን ጊዜም አኩርፋ ከቤት የወጣችው ድምፅዋ እንዲህ ከወፈረ በኋላ ነው። እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። የግራና መንገድ በመዘጋቱ ደስ ያለው ሰው በዚያ አገር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።