ሱቅ ሲደርስ የሚድን ላፕቶፕ

አቶ ወልደየሱስ በአቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከግምጃ ቤቱ አንዲት ብሎን ያለ ፊርማ አልወጣችም። ክፉዎች እንደሚያወሩት ከሆነ በፊርማም ብዙ አልወጣችም። መካኒክ መለዋወጫ ሊወስድ ሲመጣ «አሮጌው በእርግጥ ተሰብሯል ወይስ ደክሞት ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው የእጅ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱ ዛሬም ከነካርቶኑ ተቀምጧል፤ እሳቸው ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሲፈልጉ ሰው ይጠይቃሉ።

ገላን ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታቸውም የግምጃ ቤቱ ቅርንጫፍ ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩን አላወለቀም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል፤ ቻናል ለመቀየር አውራ ጣት ሳይሆን ቡጢ ያስፈልጋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔንም ያልጠቀለለኝ ልኬን አጥቶ ነው» ይላሉ።

እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ለዕድር ጸሐፊነት ካልሆነ ለምን ይሆናል? ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ሆነው ኖሩ፤ ቃለ ጉባኤውም በእጅ ጽሑፋቸው እንደ ድርሳን ተውቦ ኖረ። ዘንድሮ ግን ዕድሩ መተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል ወሰነ፤ ደንቡም «እንደ ዘመኑ በኮምፒውተር ተጽፎ» ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ተባለ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ፍቅሩ፣ ዕድሜው ሠላሳን ያልዘለለ፣ ሁሉን ነገር በስልኩ የሚጨርስ ልጅ፣ እጁን አወጣ።

«እኔ በአንድ ምሽት እጨርሰዋለሁ።»

«በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሹሮ ነው» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «ደንብ ጊዜ ይፈልጋል።»

ሊቀመንበሩ አስታራቂ ሰው ናቸውና ነገሩን ለሁለት ከፈሉት፦ ጋሽ ወልደየሱስ ይጻፉ፤ እስከ ጉባኤው እሑድ ካልደረሰላቸው ግን ሥራውም ጸሐፊነቱም ለፍቅሩ ይተላለፍ። አቶ ወልደየሱስ «ይሁን» ብለው ወጡ። ከደረጃው ላይ ግን እንደ ልማዳቸው የቁልፍ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከግምጃ ቤቱ በኋላ የቀረቻቸው ቁልፍ ጸሐፊነቱ ብቻ ነበርና።

ልጃቸው እድላዊት አዲስ ስትገዛ የተወችላቸው አሮጌ ላፕቶፕ ከመሳቢያ ወጣ። በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ደንቡ ተጀመረ። «አንቀጽ ሰባት፦ ድንኳን የተዋሰ አባል ድንኳኑን ሳያደርቅ አጥፎ መመለስ የለበትም።» ይህን አንቀጽ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀባቸው፤ ግን እንዴት ያለ አንቀጽ ነው!

በሳምንቱ ላፕቶፑ በጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሮ ጠበቃቸው። እንደምንም ሲከፈት አንቀጽ ሰባት ከነወንድሞቹ ወደ ትናንሽ ሳጥኖች ተለውጧል።

እዚህ ላይ ኡሙልኸይር ትመጣለች። ከሥልጤ ከመጣ ቤተሰብ የተወለደች፣ ከሕንፃው ምድር ቤት የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያላት ልጅ ናት። ሌላው ጠጋኝ የተበላሸ ዕቃ ሲያይ ዋጋ ያስባል፤ እሷ ግን ፊቷ ይበራል። አንድ ሕግ አላት፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ጠብቅ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየርክ ዕቃው ይድናል፣ አንተ ግን ምንም አትማርም።

መጀመሪያ ዊንዶውሱን አውጥታ እንደ አዲስ ጫነች። ላፕቶፑ ቤት ገባ፤ በስድስተኛው ቀን ደንቡ ሳጥን ሆነ። ቀጥላ ሃርድ ዲስኩን መረመረች፤ እዚህም እዚያም ቁስል አገኘችና ከሌላ ማሽን ያወጣችውን አስገባች። በአምስተኛው ቀን ሳጥን። በሦስተኛው ዙር ራም የሚባለውን የማስታወሻ ክፍል ለወጠች። ቤት ገብቶ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ተመለሰ።

ጎረቤት በዚህ መሃል ዝም አላለም። ፍቅሩ ደረጃ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «ቫይረስ ነው ጋሼ» ይላል፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ፊቱን አክብዶ። ወይዘሮ አሰለፈች ዓይን ነው አሉ። አንዲት ደግ ሴት ጠበል እንዲረጭበት መከሩ፤ ውሃና ላፕቶፕ ከድሮም እንደማይዋደዱ ያስታወሰ አልነበረም።

ኡሙልኸይር ማሽኑን ሱቋ ውስጥ ሦስት ቀን አስቀመጠችው። የአራት ሰርግ ቪዲዮ ስትጭንበት ስታጠፋበት ዋለች። ላፕቶፑ አንዴ እንኳ አላስነጠሰም።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ሲመጣ ይድናል፣ እርስዎ ጋ ሲገባ ይታመማል» አለቻቸው።

«ታዲያ የታመመው ቤቴ ነው?»

«እኔም እሱን ነው የማጣራው። ይውሰዱትና በታመመ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ሲሠሩ እንደነበር ይጻፉልኝ።»

ይጻፉልኝ የተባሉት ማን እንደሆኑ ልብ በሉ። ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ኡሙልኸይር ቤታቸው ስትመጣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ደብተር ቀረበላት። «ማክሰኞ፣ 9፡20፣ አንቀጽ ዐሥራ ሁለት። ሰማዩ ደመናማ። ከላይ ፎቅ ልጆች ይሮጣሉ። ረቡዕ፣ 4፡05፣ አንቀጽ ሦስት፣ እንደገና። ቀኝ እጄ ትንሽ ቀዝቅዟል።» ልጅቱ እንደ ልብ ወለድ አነበበችው። ደመና፣ ልጆች፣ የእጅ ቅዝቃዜ፤ ምንም አይገጥምም።

«ሳጥን ከመሆኑ በፊት ግን ምን ይሆናል?»

«ምንም።»

«ምንም?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች ከጓዳ። «መብራት ይጠፋል እንጂ! ጠፋብኝ ብሎ የሚጮኸው ማነው ታዲያ?»

ኡሙልኸይር ደብተሩን ዘጋች። «ጋሼ፣ መብራት መጥፋቱን ለምን አልጻፉትም?»

«ልጄ፣ ፀሐይ መውጣቷንም እኮ አልጻፍኩም።»

ሱቋ ውስጥ መብራት ቢሄድም ኃይል ይዞ የሚያቆይ ዩፒኤስ አለ። እዚያ ላፕቶፑ ድንገት ጠፍቶ አያውቅም። ቀስ ብላ ገለበጠችውና የባትሪውን ባዶ ቦታ አየች። ባዶ መሆኑን ድሮም ታውቃለች፤ ሱቋ ከሚመጡት ዐሥር አሮጌ ላፕቶፖች ዘጠኙ ባትሪ የላቸውም። ስለዚህ አልጠየቀችም።

«የዚህ ባትሪ መቼ ነው የሞተው?»

«ማን ሞተ?» አሉ አቶ ወልደየሱስ ተቆጥተው። ወደ ቡፌው ሄዱ፤ ስድስት ብርጭቆ ወደ ጎን አደረጉ፤ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እንደ ሕፃን ገለጡት። «እድላዊት አዲስ ገዝታ ነው ያስገባችበት። እኔ ወዲያው አወጣሁት፣ እንዳያረጅ። ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልተነካም!»

ኡሙልኸይር ባትሪውን ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ የሚያውቁትን ነገር ይዛ ልታስረዳቸው ተቀመጠች።

«ሃርድ ዲስክ ማለት ግምጃ ቤት ነው፣ ጋሼ። በውስጡ ሳህን ይሽከረከራል፤ መርፌ የመሰለች ነገር ሳትነካው ከላዩ ትጽፋለች። ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ሄዳ የት እንዳስቀመጠች ካርድ ላይ ትመዘግባለች። መሃል ላይ መብራት ጠፋ እንበል። ዕቃው ወጥቷል፣ ካርዱ ላይ የለም። ወይ ካርዱ ላይ አለ፣ መደርደሪያው ባዶ ነው።»

«ያለ ፊርማ?»

«ያለ ፊርማ። በቀን ሁለት ሦስቴ። ባትሪ ቢኖር ግን መብራቱ ሲሄድ ጽፋ ትጨርስ ነበር።»

አቶ ወልደየሱስ ባለ ላስቲኩ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ብሎን ያለ ፊርማ ያላስወጡ ሰው፣ በገዛ ሳሎናቸው እንዲህ ያለ ግምጃ ቤት ሲያስተዳድሩ ከርመዋል።

«እንግዲያውስ እናስገባዋ!»

አስገቡት። ሶኬቱን ነቀሉት። ላፕቶፑ ወዲያው ጠፋ።

«ባዶውን ብዙ ሲቀመጥ ይሞታል» አለች ልጅቱ አንገቷን ደፍታ። «ቢሠሩበት ኖሮ እስካሁን ትንሽ ነፍስ ይኖረው ነበር።»

«አየህ?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «ቁጭ ብሎ የሚያረጅ አንተ ብቻ አይደለህም።»

ኡሙልኸይር ከስብርባሪዎቿ መሃል አርባ ደቂቃ የሚይዝ ያገለገለ ባትሪ አምጥታ ገጠመች። ሦስት ጊዜ ስትነቅል ስትተክል ስለ ባትሪው ሳትጠይቅ ማለፏ እንደ እሾህ ወግቷታል፤ ይቅርታ ጠይቃለች፣ ኋላም ለወደፊቱ መጀመሪያ የምትጠይቀውን ጥያቄ «ባትሪው የት አለ?» ብላ ሱቁ ግድግዳ ላይ ጽፋለች። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀች።

«ይኼ ያስገባሁት ዲስክም ስንት ጊዜ ደንግጧል። ለእሑድ ዋስ አልሆንም። እንደጨረሱ ኮፒው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ፍላሽ ልስጥዎት?»

«ፍላሹንም ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «ሰው ጋ ይሁን።»

በዚያ ደረጃ ከሚወጡት ጎረቤቶች መሃል ኮምፒውተር ያለው ሰው አንድ ነው። ስሙን ማንም አልጠራም።

ደንቡ እንደገና ከመጀመሪያው ተጻፈ፤ አሁን በቃላቸው ስለወጣ ሁለቱ ጣቶች ይሮጣሉ። ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ፍሪጁ ዝም አለ፤ ስክሪኑ ግን እንደበራ ቀረ። አቶ ወልደየሱስ እጃቸውን አንስተው ጥቂት ጠበቁ፤ ምንም አልሆነም። ኮታቸውን አስተካከሉና «አንቀጽ ሃያ» ብለው ቀጠሉ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሠላሳ አራተኛው አንቀጽ አለቀ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። የሚያስገርመው፣ ላፕቶፑን አቅፈው ሁለት ፎቅ መውጣት ደንብ ከመጻፍ የበለጠ ከበዳቸው።

«ጋሽ ወልዴ! ቫይረስ የለበትም አይደል?» አለ ፍቅሩ በሩን ከፍቶ።

«ራስህን ጠብቅ አንተ። ይኼን… አንተ ጋ ይቀመጥ። ለማንም እንዳታሳይ።»

«ነገ ለመቶ ሰው የሚነበብ እኮ ነው።»

«ነገ ነገ ነው።»

ፍቅሩ ሳቀ፤ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከዚያም ወደ ስልኩ አስተላለፈ። አቶ ወልደየሱስ እየወረዱ ጸሐፊነታቸውን በገዛ እጃቸው አስረክበው የመጡ ያህል ተሰማቸው።

እሑድ ጠዋት ላፕቶፑ ጥቁር ገጹን ከፈተ። በዚህ ጊዜ ነጫጭ ፊደላት እንኳ አልነበሩም፤ ከውስጡ ቀጭን የጠቅ ጠቅ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አቶ ወልደየሱስ ለጉባኤው በተተከለው ድንኳን ሥር ባዶ እጃቸውን ቆሙ።

«ደንቡ የት አለ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ጋ ነው» አለ ፍቅሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ። ከኋላ አንዱ ወዲያው «ታዲያ ጸሐፊው እሱ ይሁና!» ብሎ ጮኸ። አቶ ወልደየሱስ መሬት መሬቱን አዩ።

«እኔ የያዝኩት እሳቸው የሰጡኝን ነው» አለ ፍቅሩ። «ሌሊት አነበብኩት። እኔማ ድንኳኑ ስንት ገመድ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ያንብቡልን፣ ጋሼ።»

ስልኩን ተቀበሉ፤ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ፤ አልታያቸውም። ፍቅሩ ፊደሉን በጣቶቹ አሰፋላቸው፣ በአንድ ገጽ ሦስት ቃል እስኪቀር። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ አራት አንቀጽ ሦስት ሦስት ቃል እየተባለ ተነበበ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ገጹን የሚገፋው ፍቅሩ ነበር፤ አጠገባቸው እንደቆመ እግሩን እየቀያየረ።

ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ እንኳ ቢጠየቅ፣ መቀመጥ የሰለቸው ጉባኤ ምንም ነገር ያጸድቅ ነበር። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ለጸሐፊነት መወዳደር የሚፈልግ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። የፍቅሩ ሁለት እጆች ኪሱ ውስጥ ነበሩ፤ ሌላውም ሰው ጫማ ጫማውን ያያል። «እንግዲያው ጋሽ ወልደየሱስ ይቀጥሉ» አሉ ሊቀመንበሩ።