የአሥራ ሁለት አካፋዮች

ዛሬ ልጄ «እማዬ፣ ተሳስተሻል» ስትለኝ እርሳሱ ከእጄ ወደቀ።

አምስተኛ ክፍል ያለችው የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጥታ ነበር። «አያቴ፣ 12ን በሮማን ቁጥር ጽፈሽ አካፋዮቹን ንገሪኝ።»

ቀና ብዬ የሟች ባለቤቴን የግድግዳ ሰዓት አየሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ስለሆነ እኛ አሥራ ሁለት ሰዓት የምንለው እሱ ላይ VI ነው። እኔም በኩራት VI ብዬ ጻፍኩ። (ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም።)

ልጄ ልብስ እያጠፈች ነበር። «VI ስድስት ነው። አሥራ ሁለት XII ነው፤ አካፋዮቹም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12።»

«ውይ እማ! አንቺ ደግሞ ከየት አወቅሽ?» ብላ ትንሿ ሳቀች።

«እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ የለ እንዴ!»

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አባቷ ሲሞት ከአራተኛ ክፍል አስወጥቼ እንጦጦ እንጨት ለቀማ የላክኋት እኔ ነኝ። በኋላ እኔ ማንበብ የተማርኩት እሷ ጥላቸው በሄደቻቸው ደብተሮች ነው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

አሁን ከመጋረጃው ወዲያ የ18ን አካፋዮች ለልጇ እያስረዳቻት ነው። ድምጿ የመምህር ድምፅ ነው።

ልጃችሁን እንዲህ በድላችሁ ይቅርታ የጠየቃችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የተናገራችሁትን ቃል ንገሩኝ።