ከእኛ ቀድማ የገባችው ጎማ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። እኔ ልርሳው ብል እንኳ ሰፈሩ አያስረሳኝም። አንዋር መስጊድ ጀርባ ያለው የእኛ ተራ ብቅ ብላችሁ ‹‹ጎማዋ የቀደመቻት ልጅ የታለች?›› ብትሉ እጃችሁን ይዘው ሱቄ ድረስ ያመጧችኋል። ሌላ ስም ያለኝ አይመስላቸውም። ሰው እየጨማመረ ከሚያወራው እኔው ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እኔና አባቴ ጨርቅ እንሸጣለን። ሰፈሩ ጋሼ ወልዴ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። አባባ በዚህ ዓለም ላይ ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚወዱት አንዲት አሮጌ ቮልስ ነው። ‹‹ከልጆቻቸው ቀጥሎ›› ያልኩት ለራሴ ክብር ብዬ ነው እንጂ ቅደም ተከተሉን እግዜር ያውቀዋል። መንዳት ያስተማሩኝም በእሷ ነው። ኋላ ዓይናቸው እየደከመ መጣና ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይነኩ ነገራቸው። ያን ቀን እራት አልበሉም።

ከዚያ ‹‹እሸጣታለሁ›› አሉ። ‹‹እኔ እነዳታለሁ እኮ!›› ስላቸው ‹‹አንቺማ መኪና ትነጃለሽ፤ ቮልስ ግን አትነጅም›› ይሉኛል። እሳቸው ዘንድ ልዩነት አለው። ገዢም ተገኘ፤ ሰኞ ሊወስዳት ተቀጣጠሩ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በዚያው ሰሞን አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው እሁድ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ የአማተር ውድድር እንደሚያደርጉ ሰማሁ። በተደረደሩ ጎማዎች መሀል እየተጠማዘዙ ነድቶ መስመሩ ላይ ቀድሞ መድረስ ነው። ‹‹አባባ፣ ልወዳደርባት። ካፈርኩ ሰኞ ይሽጧት። ካላፈርኩ የእኔ ትሁን›› አልኳቸው። አስበው አስበው ‹‹አብሬ እቀመጣለሁ። ያለ እኔ የትም አትሄድም›› አሉ። ለእኔ ይሁን ለቮልሷ ያሰቡት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ወሬው ወዲያው ተራውን አዳረሰው። የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሱማሌ ተራ ደህና ደህና ጎማዎች አመጣንና ዓርብ ረፋድ ላይ ጎሚስታው ጎረቤታችን ሱቃችን ደጃፍ ቮልሷን በክሪክ አንስቶ ይቀይር ጀመር።

እኛ ተራ አንድ ልማድ አለ። ሰው አዲስ ነገር ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ እጁን ሊያሳርፍበት ይገባል። ሱቅ ሲከፈት አንዱ መደርደሪያ ይይዛል፣ አንዱ ሚስማር ይመታል፣ ምንም የማይችለው መጥረጊያ ያነሳል። ያልተጠራ ይቀየማል፤ ቂሙም ዓመት ይዘልቃል።

ጎሚስታው የመጨረሻዋ የኋላ ግራ ጎማ ላይ ሲደርስ ቅመም ነጋዴው ጋሼ ሸምሱ ከሱቃቸው ወጡ።

‹‹ምነው? እኛ ሞተናል እንዴ? እጃችንን እናሳርፍባት እንጂ!››

ጎሚስታው ምን ይበል? ቡሎኖቹን አደለን። ጋሼ ሸምሱ ‹‹ቢስሚላህ›› ብለው አንዷን አዞሩ። ድስትና ሰሃን የሚሸጡት እትዬ አስካለ አማትበው ሌላዋን ያዙ። አባባ አንዷን፣ እኔ አንዷን። ሁላችንም በጣት ብቻ። ‹‹በሰላም ያግባችሁ!›› ‹‹አሜን!›› ተባባልን። ጎሚስታው በመፍቻ ነካ ነካ አደረጋቸውና ‹‹የቀረውን መሬት ስትነካ አጠብቀዋለሁ›› አለ። ደንቡም እንደዚያ ነው።

ይሄኔ የጁምዓ አዛን ተሰማ። ዓርብ እኛ ሰፈር የመጣ ያውቀዋል፤ መስጊዱ ሞልቶ ሰጋጁ መንገዱን ይሞላዋል። መስገጃ የያዘ ሰው ከየአቅጣጫው ሲመጣ ቮልሷ መንገድ ዘግታ መቆም የለባትምና በጥድፊያ ከክሪኩ አውርደን፣ ገፍተን ጥግ አስያዝናት። ጎሚስታውና ጋሼ ሸምሱ ወደ ሶላታቸው ሄዱ። ጎሚስታው ሲመለስ እኔ ደንበኛ ይዤ ጨርቅ እለካለሁ። መኪናዋ መሬት ወርዳ ጥግ ቆማ ሲያያት ‹‹ጨረሱልኝ›› አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እኛ ደግሞ ‹‹ጨረሰልን›› አልን።

እሁድ ሜዳው ድረስ በሰላም ደረስን። ጋሼ ሸምሱና እትዬ አስካለ በሚኒባስ ተከትለውን መጥተው መጨረሻው መስመር ላይ ቦታ ያዙ። አባባ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰዋል። የተሰጣቸውን ሄልሜት ከባርኔጣዬ በላይ ካላደረግኩት ብለው አስተናጋጁን አንገላቱት። በመከራ አሳመንናቸው።

ባንዲራው ሲወርድ ቮልሷ ዕድሜዋን ረሳች። አንዱን ቀደምን፣ ሌላውንም ቀደምን። ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው፣ በደስታ።

‹‹ኋላ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ቀስ በይ›› አሉ አባባ።

‹‹ቮልስ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች?››

‹‹የእሷን ድምፅ አላጣውም። ይሄ የእሷ አይደለም!››

የፈሩ መሰለኝ። እንዲያውም መንዳት ሲያስተምሩኝ ስንቴ አስፈራርተውኝ የለ፣ አሁን ተራዬ ነው አልኩ በሆዴ። ብቻ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳ አደረግኩት። የመጨረሻውን ጥምዝ ዞረን መስመሩ ፊት ለፊት ሲታየን ቮልሷ በኋላ በግራ በኩል ቁጭ አለች፤ ልክ ወንበር እንደተሳበበት ሰው። በመስኮቴ በኩል አንዲት ጎማ እየተንከባለለች አለፈችን።

አባባ ዓይናቸውን አጥበው አዩ። ‹‹ማነው እሱ የሚቀድመን?››

‹‹የራሳችን ጎማ ነው አባባ!››

‹‹የኛ? ታዲያ እኛ በምን እየሄድን ነው?››

መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትተኛለች፤ በግራ ደግሞ ተመልካች ቆሟል። ከሥር ብረቱ መሬቱን ይገዘግዛል፣ አቧራው ምንም አያሳይም። እግሬ ፍሬኑን ሊረግጥ ቃጣው። ያኔ አባባ ድሮ ‹‹ስትደነግጪ መሪውን ያዢ፣ ፍሬኑን ተዪው!›› እያሉ የጮኹብኝ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሁለት እጄን መሪው ላይ ቸክዬ ያዝኳት። እየተንገጫገጨች፣ እየተጎተተች ሄዳ መስመሩ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቆመች።

ጎማዋ ግን አልቆመችም። ገባች። እትዬ አስካለ በአቧራው መሀል የሆነ ነገር ሲገባ አይተው እልልታውን አቀለጡት። ጋሼ ሸምሱ ‹‹አንደኛ! አንደኛ!›› እያሉ ይዘላሉ። ከጎማዋ ኋላ መኪና ሳይመጣ ሲቀር ነው እልልታው ቀስ እያለ የጠፋው።

አባባን ዞሮ ማየት ፈራሁ። እኒህን ሽማግሌ ይዤ ምን ልሆን ነበር? አልኩ ለራሴ።

‹‹ደህና ነዎት? በቃ አባባ፣ ሰኞ ይሽጧት›› አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። ሰፈር ውስጥ አላለቀስኩም እላለሁ፤ አትመኑኝ።

አባባ በእጃቸው ዳብሰው እጄን ፈለጉ። አሁንም መሪው ላይ ነበር።

‹‹አልለቀቅሽውም›› አሉ።

‹‹አልለቀቅኩትም።››

‹‹አራት ጎማ ያላትንማ ማንም ይነዳል። ሰኞ ሰውዬው ሲመጣ መልሱን ራስሽ ስጪው። ባለቤቷ አንቺ ነሽ።››

ሰኞ ተራው ሸንጎ ተቀመጠ። ማን ነበር ቡሎኑን ማጥበቅ ያለበት? ጋሼ ሸምሱ ‹‹እኔ ቢስሚላህ ብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?›› አሉ። እትዬ አስካለ ‹‹እኔም አማትቤያለሁ›› አሉ። ጎሚስታው ‹‹ይሄን ሁሉ ትልቅ ሰው አምኜ!›› ብሎ ጭራሽ እሱ ተቀየመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? የእኛ ቡሎን ለሁላችንም ጌጥ ሆነና ሸካሚ አጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ተራ ማንም ሰው ‹‹ሥራው አለቀ›› ካለ ‹‹ጠብቋል ወይስ ተመርቋል ብቻ?›› ተብሎ ይጠየቃል።

ቮልሷ ዛሬም አለች፤ የእኔ ናት። ጠዋት ወደ ሱቅ ከመውጣታችን በፊት ግን አባባ ጎማ መፍቻ ይዘው ይወርዳሉ። ዓይናቸው ቡሎኗን አያይላቸውም። በጣታቸው እየዳበሱ አራቱንም ጎማ ይዞራሉ። ማታ እኔው ቡሎኖቹን ሁሉ አጥብቄ እንደማድር አያውቁም። ከአንዷ በስተቀር ማለቴ ነው። አንዷን ለእሳቸው ትንሽ ላላ አድርጌ አቆያለሁ። አደራ፣ ይህን የሚያነብላቸው እንዳይኖር።

ሲያገኟት ደስታቸውን ብታዩ! ‹‹አየሽ? አላልኩም? ላልታ ነበር!›› ብለው ጥርቅም አድርገው ያጠብቋታል። እጃቸውን እያራገፉ ከጎኔ ይቀመጡና ‹‹አይ አንቺ ልጅ፣ ያለ እኔ ምን ይውጥሽ ነበር?›› ይሉኛል።

‹‹ምን ይውጠኝ ነበር አባባ›› እላቸዋለሁ። የምቀልድ ይመስላቸዋል።