ሙዘይን የደፋው በርሜል

ሙዘይን በርሜሌን ደፍቶብኛል። ሳያስፈቅደኝ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ለመስቀል ዋዜማ። ሰው ሲሞት ክፉውን መሸፈን ልማድ ስለሆነ አስቀድሜ ተናገርኩት።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ከቡታጅራ ደውላ «አባቴ አረፈ» አለችኝ። «የማን አባት?» አልኳት። ደግማ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ላሞቹን አጠጣሁ። በረቱን ጠረግሁ። የጠረግሁትን መልሼ ስጠርግ ባለቤቴ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችው።

አሁንም አላመንኩም። እንባም አልመጣም።

ለማታውቁት፦ ሙዘይን የመስቃን ሰው ነው። በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ባሕሩን ትቶ ቡታጅራ ገባና የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ። እኔ የምኖረው ከቡታጅራ ወዲያ፣ ቆሼ ከተማ አጠገብ ነው፤ የተዋወቅነው ፓምፔ ተበላሽቶ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሰው ነኝ፣ ፊደሉንም ሌላውንም ራሴን ነው ያስተማርኩት። እሱ ለዚህ አላዘነልኝም፤ እንደ እኩያው ይከራከረኝ ነበር።

አንድ በጋ ኩሬዬ አረንጓዴ ሆነ። ከእሱ የጠጡ ላሞች እግራቸው እየከዳቸው ወደቁ። ጎረቤቶቼ «ጂን ገብቶበታል፣ ቦታውን ልቀቅ» አሉኝ። ሙዘይን ውሃውን በመዳፉ ዘግኖ አየው።

«ጂን አይደለም፣ ዋቅላሚ ነው» አለ። «ይህ ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ፣ አንዳንዱ መርዝ አለው። ባሕር ላይ ጓደኛዬን ገድሎብኛል።»

ከዚያ ነገረኝ። ከጓደኛው ጋር ከድንጋይ ላይ ዛጎል ለቅመው፣ ቀቅለው በሉ። ዛጎሉ ውስጥ ያለችው እንስሳ ውሃ እያጣራች ነው የምትኖረው። መርዛም ዋቅላሚ ሲበዛ መርዙን ሆዷ ውስጥ ታከማቻለች፣ እሷ ግን አትሞትም። መቀቀልም አያጠፋውም። መጀመሪያ የሙዘይን ከንፈር ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ጣቶቹ። ጓደኛው ግን መተንፈስ አቅቶት በሙዘይን እቅፍ ውስጥ ሞተ።

«ከሳምንታት በኋላ ዓሣ አጥማጆቹ ከዚያው ድንጋይ ለቅመው በሉ፣ ምንም አልሆኑም» ይል ነበር። «ወላሂ፣ ያ መርዝ የት እንደገባ ሳስብ ነው ያረጀሁት።»

መልሱን ያገኘው ልጁ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትማር ነው። ከኢንተርኔት አውጥታ አነበበችለት። በዛጎሏ ሆድ ውስጥ የባሕር ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ መርዙን ሰባብረው ምግባቸው ያደርጉታል። በማግስቱ እኔ ጋ መጣ።

«የባሕሩ ይህን ካደረገ፣ ከኩሬህ ጭቃ ውስጥም የሚበላ አይጠፋም» አለኝ።

የበርሜል ሥር በሳን። ጠጠር ሞላንበት፣ ከኩሬው ሥር ጭቃ ጨመርንበት። ባለቤቴ ስትስቅብን ሙዘይን «አዲሱን ቆጮ ስትቀብሪ ከአሮጌው እፍኝ ለእርሾ ትጨምሪበት የለ? ጭቃውም እንደዚያው ነው» አላት። አረንጓዴውን ውሃ ከላይ ጠብ ጠብ እናደርጋለን፣ ከታች ጠርቶ ይወጣል። ጠጠሩ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ለበሰ። «አልደረሰም?» ባልኩት ቁጥር ጆሮውን በርሜሉ ላይ ይለጥፍና «ቀስ! ገና እየበሉ ነው» ይለኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ፀሐይ በርትቶ ኩሬው መልሶ አረንጓዴ ሆነ። አንዲት ጥጃ ከበርሜሉ አጠጣሁ። አልሞተችም። ለእኔ በቂ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጎረቤቶቼ ጋር የገዛነው የመስቀል ሰንጋ የታሰረው እኔ በረት ነው። «ሰንጋውን በሰው ሁሉ ፊት ከበርሜሉ አጠጣዋለሁ፣ ጂን ያሉኝ ይዩ» አልኩ። ቦታዬን ልቀቅ ተብዬ ነበርና።

በዋዜማው ከገበያ ስመለስ በርሜሉ ተገልብጧል። ለመስቀል ቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ ይታጠባል፤ ሙዘይን መጥቶ ከባለቤቴ ማሰሮዎች ጋር የእኔን ጠጠር በፈላ ውሃና በአመድ አሽቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል፤ መርዝ በላዎቹም አብረው አልቀዋል።

«ምን አደረግህ?»

«ደፋሁት።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ብጠይቅህ እምቢ ትለኛለህ። ያልተበላው መርዝ ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም። ግማሹ ብቻ የተሰበረ መርዝ ካልተነካው የሚብስበት ጊዜም አለ።»

«ጥጃዋ ጠጥታ ቆማ እየሄደች ነው!»

«አንዲት ጥጃ ምስክር አትሆንም፣ አንተ ግትር። ሰንጋው የሰፈሩ ነው። ቢሞት ጂኑ አንተ ነህ ነው የሚሉህ።»

ከግቢዬ አስወጣሁት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ይቅርታ ጠይቅ ሲሉት «ስላላስፈቀድኩት ይቅርታ። ስለ መድፋቴ ግን አልጠይቅም» አለ። እኔም እንዲህ ያለ ይቅርታ አልቀበልም ብዬ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ደጄ ድረስ መጥቶ ባለቤቴን «ግትሩ ደኅና ነው? ላሞቹስ?» ይላታል። ፓምፑን እያየ፣ የላላውን እያጠበቀ ይሄዳል። ድምፁን ከውስጥ እሰማለሁ። አልወጣሁም።

ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ነው። ኮቴን ለብሼ ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነው ይህን የምጽፈው። እጄ ይጽፋል እንጂ ሌላው አካሌ የት እንዳለ አላውቅም።

ሙዘይን፣ ያ ሰንጋ ቢጠጣ ይሞት ነበር ወይስ ይተርፍ ነበር፣ አንተም ሳታውቀው ሄድክ፣ እኔም ሳላውቀው እቀራለሁ። የምከራከረውም ሰው አጣሁ። የምመጣው ይቅር ብዬህ አይደለም። አንተ ስትቀበር እኔ ቤቴ የምቀመጥ ሰው ስላልሆንኩ ነው። ደኅና ሁን፣ መርከበኛው። ስለ በርሜሉ ዛሬ የተናገርኩት የመጨረሻዬ ነው፤ ልጅህ ብትጠይቀኝ እንኳ አልመልስላትም።